ማልቀስ የተከለከለባት ከተማ

ደብረ ማርቆስ አማርኛ ሳስተምር የትምህርት ቤቱን የሥነ ጽሑፍ ክበብ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ክበብ ይባል እንጂ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በአንድ ባዶ ክፍል የሚሰበሰቡ ጥቂት የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ጊዜው ስልክ መጣ ሲሉት የሚጠፋበት፣ ትምህርት ተጀመረ ሲባል የሚቋረጥበት፣ ሰው ሁሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ለመግባት የሚጣደፍበት ነበር። ከቤት የወጣ ሰው ትንሽ ከዘገየ እናቶች በራቸው ላይ ቆመው መንገዱን ያያሉ። የኔም እናት ደጀን ከተማ ሆና የሴት ልጇን ድምፅ ካልሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም።

በዚያ ሰሞን ልጆቹ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚያስተላልፏቸው ፊልሞች ነበሩ። የመጪው ዘመን ታሪኮች ናቸው። ዓለም ጠፍታ አንዲት ከተማ ትቀራለች፤ ከተማዋን ጨካኝ ገዥ ይገዛታል፤ በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ልጅ ተነስታ ሁሉን ነገር ትገለብጠዋለች። ይህን ያህል ከወደዱት እነሱም ይጻፉ ብዬ አሰብኩ። ግጭት ማለት ሰው የሚፈልገው ነገርና የሚከለክለው ነገር ፊት ለፊት ሲገጥሙ ነው፤ መፍትሔው ደግሞ ከሰማይ ዱብ የሚል ሳይሆን ከሰዎቹ ከራሳቸው የሚወጣ መሆን አለበት ብዬ አስረዳኋቸው። ከዛሬ የባሰ ዓለም ፍጠሩ ስላቸው ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሌሎቹ ዞረው እንኳ አላዩትም።

አብዛኞቹ ያዩትን ፊልም መልሰው ጻፉት። የተለየ ነገር ይዛ የመጣችው የዲማዋ ልጅ ነበረች። ከየገጠሩ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩትን ልጆች በመጡበት አገር መጥራት ልማድ ነው፤ እሷም የዲማዋ ነበረች። አባቷ እዚያ ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ቃል ሆድ አለው ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው፤ ስታወራ ቀስ ትላለች፤ ስትጽፍ ግን አትፈራም።

የሷ ከተማ በረጅም ግንብ የታጠረች ናት። ሲመሽ ደወል ይደወላል። ደወሉ ሲያበቃ ቤቱ ያልተገኘ ሰው እንዳልተወለደ ይቆጠራል። ስሙ አይጠራም፣ ከጎተራው የሚሰፈርለት እህል ይቀራል፣ እሱን መጠበቅም ለእሱ ማልቀስም ክልክል ነው። በቤቱ በር ላይ ሳንቃ ይመታል፤ ሳንቃው ላይ «አልመጣም» ተብሎ ይጻፋል። የከተማዋ ሹማምንት «ጣ»ን አጥብቀው ያነቡታል፤ ሰውየው አልመጣም፣ በቃ፣ አለቀ። የአንዱ ቤት እናት ግን አላልታ ታነበዋለች፤ ልጇ ራሱ «እኔ አልመጣም» ያላት ይመስላታል፤ እና ለምን አትመጣም እያለች ከሳንቃው ጋር ትጣላለች። ማታ ማታ ለቀረው ልጇ እራቱን በሳህን ታቀርብለታለች። አንድ ዘበኛ በየቀኑ እየመጣ ሳህኑን ይደፋዋል። ታሪኩን የምትተርከው የልጁ እህት ናት።

ይህን ያነበበችው በክበቡ ፊት ነው። እኔ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ነበር። ሳህኑ ጋ ስትደርስ የአምበሩ ልጅ ብድግ አለ። ይህ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ በሒሳብ የሚታወቅ፣ ወደ ክበባችን የሚመጣው ለጽሑፍ ፍቅር ሳይሆን ለሷ ብሎ ነው እያሉ የሚያሙት። አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተከራይተው አብረው ነበር የሚመላለሱት።

«የእናቴን ሳህን ማን ስጭ አለሽ?» አላት።

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። እሷ ወረቀቶቿን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ማንም ቀጥይ አላላትም።

ሰኞ ዕለት በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አግኝቼው ነገረኝ። ታላቅ ወንድሙ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። እህል ጭነው ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ደጀን ላይ መንገድ ተዘግቶ አደሩ። ጠዋት ሹፌሩ ከጋቢናው ሲወርድ ረዳቱ የለም። ዳቦ ልግዛ ብሎ ሄደ ያለ ነበር፤ በሌላ መኪና ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ አየሁት ያለም ነበር፤ ምንም አላየሁም ያለው ግን ይበዛል። አባታቸው ደጀን ድረስ ሄደው ጠየቁ። ሲመለሱ ጥቁር ለበሱ፤ ልቅሶ እንቀመጥ፣ ፍትሐት ይደረግለት አሉ። እናታቸው አሻፈረኝ አሉ። ወይ ሬሳውን ወይ ልጄን አምጣልኝ፤ ያላየሁትን ሞት አላለቅስም ብለው ነጭ እንደለበሱ ቀሩ። ራት በቀረበ ቁጥር የልጃቸውን ድርሻ በሳህን ለይተው ያስቀምጣሉ። ይህን ለዲማዋ ልጅ የነገራት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በመንገድ ላይ ነበር። ለሌላ ለማንም አልነገረም።

እሷም ወደ እኔ መጣች። ወረቀቶቹን ልታቃጥላቸው እንደሆነ ነገረችኝ።

«ቲቸር፣ ስጽፈው የሱ መሆኑን ረስቼው ነበር» አለች። «ከቤቴ ያመጣሁት ነበር የመሰለኝ።»

እንዳታቃጥይ አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ትምህርት ለተወሰነ ጊዜ ተቋረጠ። የተከራየሁት ቤት ዋናው መንገድ ላይ ነው፤ ሲመሽ ሱቁ ሁሉ ተራ በተራ ይዘጋል፤ የቆርቆሮ በሮቹ ድምፅ ካለቀ በኋላ ውሻ እንኳ አይጮህም። እኔ ያን ጊዜ የልጅቷ ከተማ ውስጥ እንደምኖር ይሰማኝ ጀመር። ሬዲዮኔን ማንም ሳያዘኝ ዝቅ አደርገዋለሁ። አከራዬ ሲያስነጥሱ እደነግጣለሁ። በመስኮት አጮልቄ ከመንገዱ ማዶ ያሉትን በሮች አያለሁ፤ አንዱ ላይ ሳንቃ ተመትቶ የማይ ይመስለኛል። የአከራዬ ልጅ ከሥራ የዘገየች ቀን እናቷ ግቢ ውስጥ ሲንጎራደዱ እኔም ከበሬ ኋላ ቆሜ ነበር፤ የውጭው በር ሲንኳኳ ሁለታችንም እኩል ሮጥን። ገብታ ጫማዋን እስክታወልቅ ቆመን አየናት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጅቷ የጻፈችው ስለ መጪው ዘመን ነው ብዬ ለራሴ መናገር አቆምኩ።

ትምህርት ሲከፈት ከሁሉ ያስፈራኝ የስም ጥሪው ነው። ስም ስጠራ ካልተመለሰ ልጅ ወንበር አጠገብ ያለው ይመልስልኛል፤ «አልመጣም»። ሌላውን እጠራለሁ፤ «አልመጣችም»። ልጆቹ ይህን ቃል ዘመናቸውን ሙሉ ሲሉት ኖረዋል፤ እኔም ዘመኔን ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ። ግማሾቹ መንገድ ተዘግቶባቸው፣ ግማሾቹ ወደ ዘመድ ሄደው እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ያን ቃል ሲደጋግሙት መስማት አልቻልኩም። በኋላ ስም መጥራት ትቼ በዓይኔ እያየሁ ምልክት አደርግ ነበር።

የአምበሩ ልጅ ወደ ክበቡ የተመለሰው በዚያው ሰሞን ነው። የዲማዋን ልጅ ሰላም አላላትም፤ ግን መጥቶ ተቀመጠ። የታሪኩን መጨረሻ ልስማው አለ። እሷ ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ አነበበች። በሷ መጨረሻ እህትየዋ ሌሊት ተነስታ ደወሉን ትሰብረዋለች፤ ግንቡ ይናዳል፤ የቀሩት ሁሉ ከግንቡ ማዶ በሰልፍ ይመጣሉ፤ ልጁ ከእናቱ ሳህን ይበላል። ልጆቹ አጨበጨቡ። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። ይህን እናቱ ብትሰማ በነጋታው ወደ ደጀን በእግሯ እንደምትነሳ፣ የማይመጣን ሰው ይመጣል ብሎ መጻፍ ከዘበኛው ሥራ የከፋ ጭካኔ መሆኑን ተናገረ። የሱ መጨረሻ ሌላ ነው፤ ከተማዋ ከነዘበኞቿ ትቃጠላለች። ሳህኑን የሚደፋው ዘበኛ መጀመሪያ ይቃጠላል።

እሷ እምቢ አለች። ሰው አቃጥላ ታሪክ እንደማትጨርስ ነገረችው። እሱም ታሪኩ የሷ ብቻ አይደለም አላት። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። እኔ እንደ ሽማግሌ መሃል ገብቼ ሁለቱንም ለየብቻ አነጋገርኩ፤ ሁለቱን ሳዳምጥ ሁለቱም እውነት ያላቸው ሆኑብኝ፤ ስለ ግጭትና ስለ መፍትሔ ያስተማርኩት ሁሉ ምንም አልረዳኝም። በመጨረሻ መላ ያገኘው ልጁ ራሱ ነው።

«እናቴ ትስማውና ትፍረድ» አለ።

መንገዱ ሰላም በሆነ ቅዳሜ ሦስታችን ወደ አምበር በሚኒባስ ሄድን። ከአምበር ወዲያ በእግር ነው፤ ጤፉ ገና አልታጨደም ነበር። እሱ ከፊት ይሄዳል፣ እሷ ከኋላዬ። መንገዱን ሙሉ አልተነጋገሩም። እኔ ምን ሆኜ እዚህ ጉዳይ ውስጥ እንደገባሁ፣ የሰው ቁስል ነክቼ ብመለስስ እያልኩ ነበር የምራመደው። ግቢው ጋ ስንደርስ አባትና እናት እኩል ሊቀበሉን ወጡ። አባቱ ከራስ እስከ እግር ጥቁር ናቸው። እናቱ ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ አንድ ቤት ሁለት ዓይነት ቀን የዋለበት ይመስል ነበር። ልጁ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ውሃ ጠጥተን ከተቀመጥን በኋላ የመጣንበትን ነገርኳቸው። ልጅቷ ስለ አንዲት የሌለች ከተማ ታሪክ መጻፏን፣ በታሪኩ ውስጥ ግን ከዚህ ቤት የተወሰደ ነገር እንዳለ፣ እሱን ለማስፈቀድና ይቅርታ ለመጠየቅ መምጣቷን ገለጽኩ። እናቱ ምን እንደተወሰደ አልጠየቁም። አንብቢው አሏት።

ስለ ደወሉ አነበበች፣ ስለ ሕጉ፣ በበሩ ላይ ስለሚመታው ሳንቃ። አባቱ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ያዳምጡ ነበር። ማልቀስ ክልክል ነው፣ መጠበቅም ክልክል ነው፣ የቀረ ሰው እንዳልተወለደ ይቆጠራል የሚለው ጋ ስትደርስ እጃቸውን ዘረጉና አስቆሟት።

«ይህን ሕግ ያወጣው ማነው?» አሉ።

«የከተማዋ ገዥ ነው፣ አባቴ» አለች።

አባቱ ወደ እኔ ዞሩ። «እኔን ነው የጻፈችኝ» አሉ። «እዚህ ቤት በቃ፣ አለቀ፣ አትጠብቂ የምል እኔ ነኝ።»

ልጅቷ እንዲህ ማለቷ እንዳልሆነ ማስረዳት ጀመረች። እሳቸው አልተቆጡም፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡና የሣር ክምሩ ጋ ሄደው ቆሙ። በተከፈተው በር ጀርባቸው ይታየን ነበር። እናቱ፣ እሱ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ መጠበቅ ከብዶት ነው፤ ሞቷል ካሉ እንቅልፍ ይወስዳል አሉን። ከዚያ ቀጥይ አሏት።

ሳህኑ ጋ ደረሰች። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቱ ግን ንቅንቅ አላሉም። ዘበኛው ገብቶ ሳህኑን ሲደፋ ብቻ ቅንድባቸው ተሰበሰበ።

«እህሉን ነው የሚደፋው?»

«አዎ» አለች ልጅቷ።

«መሬት ላይ?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«እህልማ አይደፋም» አሉ። «ተቀመጥ በይውና ይብላው።»

ልጁ ከግድግዳው ዞረ። «ዘበኛው ይብላው?» አላቸው። እንዲህ ያለ ፊት አይቼበት አላውቅም፤ ሕፃን መሰለ።

«ምን ይደረግ» አሉት። «ርቦት ይሆናል። የልጅሽን ድርሻ ነው የምታስቀምጪው ትሉኛላችሁ። የኔ ልጅ ዛሬ በሕይወት ካለ ከማን ሳህን እንደሚበላ አላውቅም። ከሰው እናት ሳህን ነው። እሷ ብትደፋበትስ?»

ያን ጊዜ ነው እናትየው ያለቀሱት። ሙሾ የለው፣ ደረት መምታት የለው፣ እንዲያው እንባው ብቻ ነው የወረደው፤ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉታል፣ መልሶ ይወርዳል። በኋላ ልጁ እንደነገረኝ ወንድሙ ከጠፋ ወዲህ ሲያለቅሱ ያያቸው ያን ቀን ብቻ ነው። አባቱ ንባቡ ሲቋረጥ ተመለሱ። በሩ ላይ ቆመው አዩዋቸውና አጠገባቸው ተቀመጡ። እናቱ «ሞቷል ብዬ አይደለም ያለቀስኩት» አሏቸው። አባቱ «አውቃለሁ» አሉ።

ስንመለስ ሁለቱ ልጆች ከፊቴ እየተነጋገሩ ሄዱ። የሚሉትን አልሰማሁም፤ ልሰማም አልፈለግኩም።

መጨረሻውን አብረው ጻፉት። ግንቡ አልተናደም፣ ከተማዋም አልተቃጠለችም። እናትየው ዘበኛውን ተቀመጥና ብላ ትለዋለች፤ እሱም ዱላውን ደጃፍ ላይ አስደግፎ ይቀመጣል። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጻፈው የአምበሩ ልጅ ነው፤ ዘበኛው አንድ ጊዜ ጎረሰና ማኘክ አቃተው ይላል። በክበቡ ሲነበብ ብዙዎቹ አልወደዱትም። ገዥውስ የት ደረሰ፣ ደወሉስ ነገ አይደወልም ወይ ብለው ጠየቁኝ። መደወሉ አይቀርም አልኳቸው። ታዲያ ይሄ ምን መፍትሔ ነው አለች አንዷ። እኔም ብሆን ያች ጥያቄ አሁንም ትከተለኛለች። ዘበኛው በነጋታው ሲመሽ መጥቶ ሳህኑን ደፋው ወይስ አልደፋውም፣ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ይደፋዋል፣ አንዳንድ ቀን አይደፋውም።

ክበቡ ብዙም አልቆየም። ትምህርት እንደገና ሲቋረጥ ልጆቹ ተበተኑ። የዲማዋ ልጅ አባቷ ዘንድ ሆና አጥንታ የአሥራ ሁለተኛን ፈተና አለፈች፤ አሁን ከዚህ በራቀ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ መንገዱ ሲከፈት በበዓል ትመጣለች። ልጁ ውጤቱ ሳያንሰው አምበር ቀረ፤ አባቱን በእርሻ ያግዛል፤ የሰፈሩን ልጆች ሒሳብ ያስጠናል ብለውኛል። ሁለቱ ይጻጻፋሉ ወይ ብዬ ስጠይቃት ስልክ ሲኖር ነው አለችኝ።

ያ ክፍል አሁን መጋዘን ሆኗል፤ የተሰበሩ ዴስኮች ተደራርበውበታል። በአጠገቡ ሳልፍ ጆሮዬ ይቆማል። አንድ ጊዜ በሩ ተከፍቶ አገኘሁትና ገባሁ። መስኮቱ አጠገብ የቆምኩበት ቦታ ላይ ቆምኩ። የልጅቷ ድምፅ፣ ያ ቀስ የሚለው ድምፅ፣ ከሰሌዳው በኩል የመጣ ያህል ተሰማኝ፤ ቃሉ አይለይም፤ የንባቡ ዜማ ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጥቶ መዝጋት አለብኝ እስኪለኝ ድረስ አልወጣሁም።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ እናቴን ለመጠየቅ ወደ ደጀን ስወርድ መናኸሪያው ውስጥ አንድ ሰው በስተኋላዬ «የኔ እመቤት» ብለው ጠሩኝ። የልጁ አባት ናቸው። መጀመሪያ አላወቅኳቸውም፤ ጥቁሩን አውልቀው ተራ ጋቢ ለብሰዋል፤ ለማርቆስ ገበያ መጥተው እዚያው ያደሩ ናቸው። ስለ ቤቱ ጠየቅኳቸው፤ ሁሉም ደህና ነው አሉ። ወዴት እንደሚሄዱ ስጠይቃቸው ወደ ደጀን አሉኝ።

ደንገጥ አልኩ። «ወሬ ተገኘ እንዴ?»

«አልተገኘም» አሉ። «ልጠይቅ ነው። ሹፌሮቹ ይቀያየራሉ፤ ያኔ ያልነበረ ዛሬ ይኖራል።» መጀመሪያ የሄዱ ጊዜ ሞቱን ሊሰሙ እንጂ እሱን ሊጠይቁ እንዳልሄዱ፣ ሰውም የፈለጉትን እንደነገራቸው ነገሩኝ። አሁን በየጊዜው ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ ባለቤታቸው «ምን አሉ?» ብለው ይጠይቋቸዋል፤ እሳቸው «ምንም» ይሏቸዋል፤ ባለቤታቸውም እሺ ብለው ራት ያቀርባሉ።

አብረን በአንድ መኪና ወረድን። መንገዱን ሙሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ፤ አላንቀሳቀስኳቸውም። ደጀን ስንደርስ ቀሰቀስኳቸው። የጭነት መኪኖቹ በመንገዱ ዳር ተሰልፈዋል። አመስግነውኝ ወረዱና ወደ መጀመሪያው መኪና ሄዱ። ረዳቱ ጎማ ይመታ ነበር፤ አጠገቡ ቆመው ቀና እስኪል ጠበቁት።